ከኢፍጣር የተረፈ ሾርባ እስከ ሱሁር እንዴት ይቆይ?



በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ሸዋ በር ገበያ ብቅ ያለ ሰው ማታ በየቤቱ ምን እንደሚበላ ከዘንቢሉ ያውቃል። ቴምሩ፣ ድንብላሉ፣ ለሾርባ የሚሆነው አጃና ክክ ስንዴ ይሸመታል። ሾርባ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ተብሎ በትልቅ ድስት ስለሚጣድ ይተርፋል። መድፋቱ ኢስራፍ ነውና ብዙዎቻችን ድስቱን ከድነን እዚያው ምድጃ ላይ እናሳድረዋለን። ለሱሁር ደግመን እናሞቀውና «ከፈላ ምን ይሆናል?» እንላለን። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጥያቄ ይመልሳል።

ማፍላት ብቻውን ለምን አይበቃም?

በሥጋ፣ በእህልና በቅመም ላይ የሚገኙ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ስፖር የሚባል፣ እንደ ዘር የደረቀና ጠንካራ ሽፋን ያለው አካል ይሠራሉ። ስፖር መፍላትን ይቋቋማል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ፣ የእኛ ድስት 100 ዲግሪ እንኳ አይደርስም። ሾርባው ሲበርድ ስፖሩ ይነቃል፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥም ይራባል። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት የተተወ ድስት ለዚህ አሥር ሰዓት ያህል ጊዜ ይሰጠዋል።

ባሲለስ ሴሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በሩዝና በሌሎች የእህል ምግቦች ላይ ሲራባ የሚያስመልስ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ዳግም በማፍላት አይጠፋም። ሾርባው ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ሳይለወጥ ሊያሳምም ይችላል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የተባለው ደግሞ ቀስ ብሎ በሚበርድ የሥጋ ሾርባ ውስጥ ተራብቶ ቁርጠትና ተቅማጥ ያመጣል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ለማይጠጣ ጾመኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን ደግሞ ይብሳል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ሾርባው ከምድጃ በወረደ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። እንደ ድሬዳዋ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በሚያልፍበት ስፍራ ግን ከ1 ሰዓት አይለፍ።

2. በትልቁ ድስት እንዳለ አይቀመጥ፤ መሐሉ ለሰዓታት ሞቆ ይቆያል። ጥልቀት በሌላቸው ንጹሕ ዕቃዎች ይከፋፈል። ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው በንጹሕ ማንኪያ ያማስሉ። ውሃው ለወለል ማጠቢያ ስለሚያገለግል አይባክንም።

3. እንፋሎቱ ሲቀንስ ከድነው ፍሪጅ ያስገቡ። እስኪቀዘቅዝ ድረስ ውጭ ማሳደር አያስፈልግም።

4. በፍሪጅ ያለውን ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይጨርሱ።

5. ለሱሁር የሚበቃውን ብቻ ቀንሰው እያማሰሉ እስኪንተከተክ ያፍሉ። አንዴ የሞቀውን መልሰው አያስቀምጡ።

መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱ። ተዘግቶ ከቆየ ለ4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።

ፍሪጅ የሌለው ቤትስ?

ከሁሉ የሚሻለው ለኢፍጣር የሚበቃውን ብቻ ሠርቶ ለሱሁር ሌላ ነገር ማሰናዳት ነው። አፉ ሰፊ የሆነ ጥሩ ፔርሙስ ያለው ሰው፣ ፔርሙሱን በፈላ ውሃ አሙቆ፣ የሚንተከተክ ሾርባ እስከ አፉ ሞልቶ ሊዘጋው ይችላል። ሲከፈት እንፋሎቱ የሚጋረፍና ወዲያው ፉት የማይባል መሆን አለበት። ለብ ብሎ ከተገኘ ግን አይበላ።

ማስመለስና ተቅማጥ ለያዘው ሰው ኦ.አር.ኤስ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ይስጡት። ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከበረታ ወይም ሕፃኑ ከዛለ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ኢስራፍን መፍራት መልካም ነው፤ መፍትሔው ግን ያደረ ድስት ማፍላት አይደለም። ድስቱን በቤተሰቡ ልክ እንጣድ። እንደሚተርፍ ካወቅንም በትኩሱ፣ ገና በኢፍጣር ሰዓት፣ ለጎረቤት እንላክ። የተላከው ሾርባ አይባክንም፤ ቤተሰባችንም በጤና ይጾማል።