የካልሲ ሹራብ ከመጽሐፍ ለመማር፦ ቁጥሩ ከእግር፣ ትዕግሥቱ ከተረከዝ

በመንዝና በአካባቢው ደጋዎች በግ የሚረባው ለሥጋው ብቻ አይደለም። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ተነድፎና በእንዝርት ተፈትሎ ባናና ዝተት ይሆናል። ይሁን እንጂ ባና ብዙ ጠጉር፣ ሸማኔና ሰፊ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ለባና የማይበቃውና በየቤቱ ጥግ ታስሮ ብል የሚበላው ትርፍራፊ ጠጉር ግን ለካልሲ ይበቃል። ለአንድ አዋቂ ሰው የሚሆን ጥንድ ካልሲ ከወፍራም ፈትል ሲሠራ የሚፈጀው ከ100 እስከ 150 ግራም ያህል ክር ነው።

የካልሲ ነገር ከብርድ ያለፈ ጥቅም አለው። በአንዳንድ ደጋማ ቦታዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያስከትለው የእግር እብጠት፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከሚባሉት ሕመሞች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ፣ እግርን በመታጠብና ዘወትር ጫማ በማድረግ የሚከላከሉት በሽታ ነው። ነገር ግን ቦት ጫማ ያለ ካልሲ ሲደረግ ተረከዝ ይልጣል፤ ተረከዙ የተላጠበት ገበሬም ጫማውን አውልቆ በትከሻው ይዞ ቢሄድ አይፈረድበትም።

በቀበሌው ካልሲ መሥራት የሚያውቅ ሰው ከሌለ መጽሐፍ መምህር ሊሆን ይችላል። ችግሩ በገበያ የሚገኙት የዚህ ሙያ መጻሕፍት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ መሆናቸው ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ ቢገኝም «ኬ 2፣ ፒ 2» የሚለው ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት አይገኝም። ኬ ማለት ቀለበቱን በፊት ለፊት መሥራት፣ ፒ ማለት በግልባጭ መሥራት ነው። ቁጥሩ ስንት ቀለበት እንደሚሠራ ይናገራል። እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ከነፍቻቸው በአማርኛ በካርቶን ላይ ጽፎ ግድግዳ ላይ መስቀል የመጀመሪያው ሥራ ነው። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥረው በኋላ የሚያነቡት አጥተው የዘነጉ እናቶችም ለንባባቸው ምክንያት ያገኛሉ።

ካልሲ በአምስት መርፌ ይሠራል። አራቱ ቀለበቶቹን ይይዛሉ፣ አምስተኛው ይሠራል። አሮጌ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ በድንጋይ ሲሳል ለቀጭን ክር ጥሩ መርፌ ይወጣዋል፤ ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለእጅ ፈትል ግን ይቀጥናል፤ ካልሲው እንደ ሰሌን ይደርቃል። ለዚህ ከቀርከሃ ተሰንጥቆ የተላገ፣ ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር የሚወፍር መርፌ ይሻላል።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ በመውሰድ ነው። መጽሐፉ «64 ቀለበት ጀምሩ» ሲል ያሰበው ቀጭን የፋብሪካ ክር ነው። በደጋው ፈትል 64 ተጀምሮ ቢሠራ የሚወጣው ካልሲ ሳይሆን የስልቻ ዘመድ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሞከሪያ ሠርቶ በአንድ ረድፍ ስንት ቀለበት እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል። 20 ቢገኝ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 2 ቀለበት ማለት ነው። የእግሩ ዙሪያ 22 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ካልሲው ጥብቅ እንዲል አንድ አሥረኛ ያህል ሲቀነስ 20 ይቀራል፤ በ2 ሲባዛ 40 ቀለበት ይሆናል። በአራት መርፌ ሲከፈልም አሥር አሥር ይደርሳል። መሞከሪያውን «ክር ማባከን ነው» ብሎ የዘለለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ካልሲ ይተረትራል።

አንገቱ ሁለት በፊት፣ ሁለት በግልባጭ እየተባለ ይወርዳል፤ ይህን በአንድ ቀን መልመድ ይቻላል። ጭንቁ ተረከዙ ነው። እዚህ ላይ 20ዎቹ ቀለበቶች ብቻ ይሠራሉ፤ ሌሎቹ 20 በመርፌያቸው ላይ ይጠብቃሉ። ወዲያና ወዲህ በመመላለስ 20 ረድፍ ሲሠራ ትንሽ አራት ማዕዘን ትወጣለች። ከዚያ መጽሐፉ ረድፉ ሳያልቅ «አዙሩ» ይላል። ተማሪዎቹ የኅትመት ስሕተት መስሏቸው የሚጣሉት ከዚህ ቦታ ላይ ነው። ስሕተት አይደለም። ከመሐል እየተነሡ፣ በመዞሪያው ላይ ሁለቱን ቀለበት አንድ እያደረጉ ሲመላለሱ 20ው ወደ 12 ይወርዳል፤ ጨርቁም በራሱ ጎድጎድ ይላል። ቀጥሎ ከአራት ማዕዘኗ ግራና ቀኝ ጠርዝ አሥር አሥር ቀለበት ሲነሣ ከሚጠብቁት ጋር ጠቅላላው 52 ይሆናል። በየሁለተኛው ዙር ከግራና ከቀኝ አንድ አንድ ከተቀነሰ፣ ስድስት ጊዜ ሲቀነስ 40ው ይመለሳል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ በሐሳብ ለመረዳት መድከም አያስፈልግም። አንባቢው አንድ መስመር ያንብብ፣ ሠራተኞቹ ይሥሩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው መስመር ይነበብ።

የጣቱ በኩል ቀላል ነው። የእግሩ ርዝመት ሊያልቅ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲቀረው በየሁለተኛው ዙር አራት አራት እየተቀነሰ ይጠብና የቀሩት ቀለበቶች በክር ተሰብስበው ይታሰራሉ። ሁለተኛውን ካልሲ ከፊተኛው ጋር ለማስተካከል ዙሮቹን በባቄላ ፍሬ እየቆጠሩ ማስቀመጥ ይጠቅማል።

የመንዝ በግ ጠጉር ሻካራ ስለሆነ ለካልሲ የጠቦት ጠጉር መርጦ መለየት፣ ተረከዙ ላይ ደግሞ ቀጭን የናይለን ክር ጨምሮ መሥራት ይመከራል። በፈላ ውኃ ታሽቶ የታጠበ የጠጉር ካልሲ ተኮማትሮ ለሕፃን እግር ብቻ ይሆናልና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ይሰጣ።

ከማኅበሩ መሪዎች የሚፈለገው ብዙ ወጪ አይደለም፤ አንድ መጽሐፍ፣ አምስት አምስት መርፌ ለስድስት ወይም ለስምንት ሰው፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚያነብ አንድ ተማሪና ብርሃን ያለው ቤት ይበቃል። ስብሰባ መጥራትና ንግግር ማድረግ ለዚህ ሥራ ብዙም አይረዳም። የመጀመሪያው ጥንድ ለገበያ እንደማይሆን አስቀድሞ መንገርና ወንዶችም ከመርፌው እንዳይሸሹ ማድረግ ግን የመሪው ድርሻ ነው። ለእያንዳንዱ የእግር ልክ የተገኘው የቀለበት ቁጥር በመጽሐፉ የጀርባ ልባድ ላይ በአማርኛ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ወር የሚገባው ቡድን በ64 ሳይሆን በ40 ይጀምራል።