በቬኒስ የመጨረሻው ቀን

ተማሪዎችን ወደ ታሪካዊ ከተማ ይዞ የሚወጣ የትምህርት ጉዞ የመጨረሻ ቀኑን በአብዛኛው የሚያሳልፈው ሻንጣ በማሰናዳት፣ ለቤተሰብ ስጦታ በመሸመትና የቡድን ፎቶግራፍ በመነሳት ነው። በቦዮቿ በምትታወቀው የጣሊያኗ ቬኒስ ግን ቀኑን እንዲህ ማሳለፍ ከጉዞው ዋና ትምህርት መጉደል ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተማሪው ዓይን በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የወርቅ ሞዛይክ፣ ዶጄ የሚባለው የሪፐብሊኩ ርእሰ መንግሥት ይኖርበት በነበረው ቤተ መንግሥትና በ1591 በተጠናቀቀው የሪያልቶ ድልድይ ተይዞ ስለሚቆይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ከተማዋ በምን ላይ እንደቆመችና ማን እንዳቆያት ለመጠየቅ ፋታ የሚያገኘው ውበቷን አይቶ ከጠገበ በኋላ ነው።

ቬኒስ ያለችው በአድሪያቲክ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ላጉን በሚባለው፣ ማለትም ከዋናው ባሕር በቀጫጭን የአሸዋ ደሴቶች በተከለለ ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ የተሠራችውም ከመቶ በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። ከቦዮቿ ዋነኛው 3.8 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ መኪና የማይገባባት በመሆኗም አምቡላንሱ፣ የቆሻሻ ማንሻውና አስከሬን የሚወስደው ሁሉ ጀልባ ነው። ላጉኑ ራሱ እንኳ እንዳለ የተተወ ተፈጥሮ አይደለም። ወንዞች የሚያመጡት ደለል ውሃውን ሞልቶ ወደ የብስ እንዳይለውጠው የከተማዋ መንግሥት በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመት ብሬንታንና ፒያቬን የመሳሰሉ ወንዞችን አቅጣጫ አስቀይሮ ከላጉኑ ውጪ ወደ ባሕር እንዲገቡ አድርጓል፤ ይህን የመሰለውን ሥራ የሚመራ የውሃ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያቋቋመውም በ1501 ነበር።

የዚህን ሥራ አሻራ ለማየት ቀኑን በማለዳ፣ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት፣ ከአንዱ ጠባብ ቦይ ዳር መጀመር ይበጃል። ውሃው ዝቅ ሲል የቤቶቹ እግር ይገለጣል፤ ከታች አረንጓዴ አልጌ የለበሰ ነጭ ድንጋይ፣ ከላዩ ደግሞ ቀይ ጡብ ይታያል። ነጩ ድንጋይ ከባሕሩ ማዶ ከኢስትሪያ የመጣ ሲሆን፣ ውሃ እምብዛም ስለማያሳልፍ ጡቡ ከባሕሩ እንዳይገናኝ ታስቦ የተነጠፈ ነው። ከድንጋዩም በታች፣ ለዓይን በማይታየው ጭቃ ውስጥ፣ ግንበኞቹ የኦክ፣ የላርችና የመሳሰሉት ዛፎችን ግንድ አሹለውና አጠጋግተው እንደ ችካል ተክለዋል። እነዚህ ችካሎች ለዘመናት ሳይበሰብሱ የቆዩት፣ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው ድንጋይ ስለሆኑ ሳይሆን፣ እንጨትን የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን አብዛኞቹ ኦክስጅን ስለሚፈልጉና በውሃ በተሞላ ጭቃ ውስጥ ኦክስጅን የለም ሊባል የሚችል በመሆኑ ነው። ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው ከላይ ያለው ክፍል ነው፤ የባሕሩ ወለል ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው ነጩን ድንጋይ አልፎ ጡቡን ይነካል፤ ጡቡ የመጠጠው ጨው ሲደርቅ ወደ ጠጣርነት ተለውጦ ያብጥና ግድግዳውን ከውስጥ እያፈረፈረ ይጥለዋል። ተማሪው በእጁ ሲዳስሰው ዱቄት የሚሆነው ቀይ ጡብ ይኸው ነው።

በየአደባባዩ መሐል የሚታየው፣ አሁን አፉ የተከደነ የድንጋይ ጉድጓድም ቆም ብሎ መመልከትን ይጠይቃል። በጨው ውሃ የተከበበችው ከተማ የምትጠጣው የዝናብ ውሃ ስለነበር፣ አደባባዩ ተቆፍሮ ጎንና ጎኑ በሸክላ ጭቃ ይመረግና በአሸዋ ይሞላ ነበር፤ ዝናቡ በንጣፉ ላይ በተበሱ ድንጋዮች ገብቶ በአሸዋው እየተጣራ ወደ መሐሉ ጉድጓድ ይጠራቀማል። ውሃ ከየብስ በቧንቧ የገባው በ1884 ነው። ሰዎች ተሰብስበው የሚጫወቱባቸው እነዚያ ውብ አደባባዮች ከሥራቸው የውሃ ማጣሪያ እንደነበሩ ማወቅ ከተማዋን በሌላ ዓይን ያሳያል።

እኩለ ቀን ላይ ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ መመለስ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ የተለየ ትርጉም አለው። የወንጌላዊው ማርቆስ አጽም ከእስክንድርያ ወደ ቬኒስ የተወሰደው በ828 እንደሆነ ይተረካል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እስከ 1959 ድረስ ጳጳሳቷን የምትቀበለው ከዚሁ ሐዋርያ መንበር ነበር። ከዚህም በላይ በአደባባዩ ዳር ያለው የማርቺያና ቤተ መጻሕፍት፣ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ በ1450 ገደማ ያዘጋጀውን፣ ወርዱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ክብ የዓለም ካርታ ይዟል። መነኩሴው ይኖር የነበረው ዛሬ የከተማዋ መካነ መቃብር በሆነችው በሳን ሚኬሌ ደሴት ገዳም ሲሆን፣ በካርታው ላይ ደቡቡን ወደ ላይ ስላደረገው አፍሪካ ከአናት፣ አውሮፓ ከግርጌ ትገኛለች። የሐበሻ ምድር እንደ ጊዜው ልማድ በአፈ ታሪክ የተሞላ ባዶ ቦታ ሳይሆን ተራሮች፣ ከተሞችና ስማቸው የሚለይ ወንዞች ያሉት አገር ሆኖ ተሥሏል፤ ዓባይ፣ ተከዜና አዋሽ ይገኙበታል። ፍራ ማውሮ ይህን ዕውቀት ያገኘው ከአገሩ ተወላጅ ከሆኑ የሃይማኖት ሰዎች እንደሆነና እነርሱም አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹንና ወንዞቹን በእጃቸው እየሣሉ እንዳሳዩት በካርታው ላይ ራሱ ጽፏል። ስማቸው ባይቆይም፣ የዘመኑን ታላቅ የአውሮፓ ካርታ ከሠሩት መካከል እነዚህ ኢትዮጵያውያን መቆጠር ይገባቸዋል፤ ከዐፄ ዳዊት የተላከው መልእክተኛ ነብሮች ይዞ ቬኒስ የደረሰው በ1402 እንደነበር፣ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለው ቬኒሳዊ ሠዓሊም በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ ለአብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ይሥል እንደነበር ሲታወስ፣ ግንኙነቱ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ግልጽ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ የዛሬዋ ቬኒስ ጉዳይ ይመጣል። በኅዳር 1966 ውሃው 194 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቅልቋል፤ በኅዳር 2019 ደግሞ 187 ሳንቲ ሜትር ደርሷል። ለዚህ የተሠራው መከላከያ ሞዜ ይባላል፤ ላጉኑ ከባሕር በሚገናኝባቸው ሦስት በሮች ላይ 78 ባዶ የብረት መዝጊያዎች ውሃ ሞልቷቸው ከታች ይተኛሉ፤ ባሕሩ ሊሞላ ሲል አየር ይነፋባቸውና ውሃውን አስወጥተው በመነሳት ይዘጋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የባሕር ሙላትን የመለሰው በጥቅምት 2020 ሲሆን፣ በተዘጋ ቁጥር ግን መርከቦች ይቆማሉ፣ የላጉኑ ውሃም ከባሕሩ ጋር አይታደስም። ሌላው ችግር የሰው መመናመን ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ 175,000 ገደማ የነበረው የታሪካዊው ከተማ ነዋሪ በ2022 ከ50,000 በታች ወርዷል፤ ቤቱ ለእንግዳ ሲከራይ ጎረቤት ያልቃል። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ ሳያድሩ ውለው ከሚመለሱ ጎብኚዎች በተወሰኑ ቀናት ክፍያ መቀበል ጀምራለች። ተማሪዎች በየአደባባዩ ከሚሸጡት ጭምብሎች ይልቅ በነዋሪው ዳቦ ቤትና ገበያ ቢገዙ ይህን ችግር ከወሬ አልፈው በዓይናቸው ያዩታል።

የመመለሻው ባቡር በ1846 የተከፈተውን ድልድይ ይዞ ከላጉኑ ሲወጣ በስተግራ የማርጌራ ፋብሪካዎችና የነዳጅ ጋኖች ይታያሉ፤ ብዙው ተጓዥ በዚህ ሰዓት ስልኩን ይመለከታል። ፋብሪካዎቹ በተለይ ከ1950 እስከ 1970 ከከርሰ ምድር የሳቡት ውሃ መሬቱን አስምጧል፤ ከባሕሩ ከፍ ማለት ጋር ተደምሮ ቬኒስ በ20ኛው ምዕተ ዓመት ከባሕሩ ወለል አንጻር 23 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላለች። የውሃ ጉድጓዶቹ በ1970ዎቹ ሲዘጉ መስመጡ እጅግ ቀነሰ፤ የወረደው መሬት ግን ወደነበረበት አልተመለሰም።