ሴትን ሴት የሚያሰኛት ምንድን ነው?

«ይሄማ ቀላል ጥያቄ ነው» ካላችሁ፣ እስቲ የስፔኗን የመሰናክል ሯጭ የማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ-ፓቲኞን ነገር ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ለዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ጃፓን፣ ኮቤ ሄደች። ሴት ተብላ የተወለደች፣ ሴት ሆና ያደገች ናት። የክሮሞሶም ምርመራው ግን ኤክስ-ዋይ አሳየ፤ በተለምዶ የወንድ የሚባለውን። ኋላ ጉዳዩ አደባባይ ሲወጣ የትምህርት ድጋፏንም ሪከርዶቿንም አጣች።

እንዴት ሆነ? ዋይ ክሮሞሶም ላይ ኤስአርዋይ የሚባል ጂን አለ። ፅንሱ የወንድ የዘር ፍሬ እንዲሠራ ያዛል፤ ፍሬው ቴስቶስቴሮን ያመነጫል። የማሪያ ህዋሶች ግን ይህን ሆርሞን መቀበል አይችሉም። ሬዲዮ ጣቢያው ያሰራጫል፣ አንቴናው ግን አይሠራም እንደማለት ነው። ስለዚህ ሰውነቷ እንደ ሴት አደገ። ተከራክራ በ1988 እንድትወዳደር ተፈቀደላት።

ኢንጂነሪንግ ስንማር ቶሎ የሚገባን ነገር አለ፦ ሴንሰር የሚነግራችሁ የለካውን ብቻ ነው። ክሮሞሶም፣ ሆርሞንና የአካል ቅርጽ ብዙውን ጊዜ ይስማማሉ፤ አንዳንዴ ግን አይስማሙም።

የሰዉ ሐሳብ የሚለያየውም እዚህ ጋ ነው። አንዱ «ሴትነት የአካል ጉዳይ ነው» ይላል። ሌላው «ሰው ራሱን የሚያውቅበትና የሚኖርበት ማንነት ነው» ይላል። የዓለም አትሌቲክስ በበኩሉ በ2025 ለሴቶች ውድድር የኤስአርዋይ ምርመራን ግዴታ አደረገ። ሆኖም እንደ ማሪያ ላሉት ደንቡ ራሱ በሩን ክፍት ትቷል።

እንግዲህ ቀጣዩ ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ «መለኪያው ለምን ጉዳይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለሩጫ? ለሕክምና? ለመታወቂያ? መልሱ ባያስማማንም፣ ቢያንስ በምን እንደምንለያይ እናውቃለን።