ጣሳው ስንት ይመዝናል?

በልደታ ሰፈር ማር የሚገዛ ሰው፣ ሻጯ ማሩን ከነጣሳው ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ዝም ብሎ አያይም፤ «ጣሳውስ ስንት ይመዝናል?» ብሎ ይጠይቃል። ጣሳው ባዶውን ከተመዘነ ነገሩ አለቀ፤ ተቀንሶ የተረፈው ማር ነው። የሰማይን ራጅ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ጣሳውን ባዶውን ለመመዘን አይችሉም። ክብደቱን በግምት ያወጣሉ፤ ያንን ግምት ይቀንሳሉ፤ የተረፈውንም ማር ነው ይላሉ። ይህን ጉዳይ እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችም ልናውቀው ይገባል እንላለን፤ ሒሳቡ ከመቀነስ ብዙም አያልፍምና።

ራጅ ስንል በሐኪም ቤት የምናውቀውን ያንኑ ጨረር ማለታችን ነው። ከሰማይ የሚመጣውን አየር ስለሚያግደው መሣሪያው ከአየር በላይ መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያይቱ ሳተላይት በ1970 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተወነጨፈችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ፣ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ ነው። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ስለ ነበረ «ኡሁሩ» ተባለች። የእንግሊዞች ኤሪየል 5 በ1974 ከዚያው መድረክ ወጣች፤ በእርሷም ልኬት ፐርሲየስ በሚባለው የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ የብረት መስመር መገኘቱ በ1976 ተገለጸ። (ፐርሲየስ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያን ንጉሥ የሴፌዎስን ልጅ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ ያዳነው ጀግና ነው። ስለዚህ ከቤታችን ብዙም አልራቅንም።)

የክምችቱ ጋዝ ሙቀት በአሥር ሚሊዮኖች ዲግሪ ይቆጠራል። በዚያ ሙቀት ኤሌክትሮኖች በአቶም እምብርቶች አጠገብ ሲያልፉ እየታጠፉ ራጅ ያወጣሉ። የዚህ ራጅ ጉልበት ማንኛውንም ልክ ሊይዝ ስለሚችል፣ በወረቀት ላይ ሲነደፍ ቀስ እያለ የሚወርድ ቁልቁለት ይመስላል። ይህ መደቡ ነው። ብረት ግን በራሱ ልክ፣ በተለይም በ6.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ፣ ስለሚያበራ በቁልቁለቱ ላይ ጉብታ ያወጣል። በነጠላ ብንመስለው መደቡ ሸማው፣ መስመሩም ጥለቱ ነው።

መደቡን ለመገመት መስመሩ ያለበትን ቦታ ይተዉና በግራና ቀኙ ልኬት ላይ ኩርባ ያስማማሉ፤ ኩርባውን በተተወው ቦታ ሥር ያሳልፉና ይቀንሱታል። ነገር ግን መሣሪያውም የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱን ጉልበት አብዝቶ ሌላውን አሳንሶ ይቆጥራል፤ ቀጭኑንም መስመር ያደበዝዛል። ስለዚህ የታሰበው ኩርባ አስቀድሞ በዚያው ጠባይ በኩል ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ ጤፍን ከገብስ እንደ መቀነስ ነው።

እንበልና በአንድ ቦታ 960 የራጅ ቅንጣት ተቆጠረ፤ የመደቡ ግምት 900 ነው፤ ትርፉ 60። የቆጠራ መዋዠቅ የቁጥሩን ስኩዌር ሩት ያህላል። ችኩል ሰው የ60ን ስኩዌር ሩት ወስዶ «መዋዠቁ 8 ነው» ብሎ ይፈነድቃል። ተታሏል! መዋዠቁ የሚወሰደው ከተቆጠረው ከ960 ነው፤ እርሱም 31 ገደማ ነው። መቀነስ ቁጥሩን ያሳንሳል እንጂ ጥርጣሬውን አያሳንስም። በዚያ ላይ የመደቡ ግምት ከመቶ 3 እጅ ብቻ አንሶ እንደ ሆነ፣ ከ60ው ውስጥ ግማሽ ያህሉ ማር ሳይሆን ጣሳ ነው።

በ2014 ይኸው ጥያቄ ዓለምን አነጋገረ። ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በ3.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የማይታወቅ መስመር አየን አሉ፤ አንዱ የ73 ክምችቶችን ልኬት ደምሮ፣ ሌላው በፐርሲየስና (ተረቱ አልለቀቀንም) በአንድሮሜዳ ጋላክሲ። ትርፉ ከመደቡ ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ግን የማይታየው የጨለማ ቁስ ሲፈርስ የሚያወጣው ጨረር ይሆናል ስለ ተባለ ተስፋው ትልቅ ነበር። ሌሎች ደግሞ የፖታሲየምና የአርጎን ደካማ መስመሮች እዚያው አጠገብ ስላሉ፣ እነርሱ በትክክል ካልተቆጠሩ ትርፉ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም ብለው ተከራከሩ።

የጃፓን ሳተላይት ሂቶሚ በ2016 ፐርሲየስን እጅግ ጥርት ባለ መሣሪያ ተመለከተች። ሁለት ወር ሳይሞላት ተበላሽታ ጠፋች እንጂ፣ በተረፈው ልኬት የ3.5ቱ መስመር ከፐርሲየስ በተነገረው ብርታት አልተገኘም። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ስለ መደቡ አገማመት ከዚያም በኋላ ብዙ ተጽፏል። እኛን ብትጠይቁን፣ የተቀነሰውን ብቻ የሚያሳይ ሥዕል አንወድም፤ ያልተቀነሰውም ከጎኑ ይቀመጥልን። ያ የ1976ቱ የብረት መስመር በሂቶሚ ልኬት ላይ ወደ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች ተከፋፍሎ ታይቷል፤ ያንን ለማየት መደቡን መቀነስም አያሻም ነበር።