አሮጌ መኪና፦ ይሸጥ ወይስ ይቀየር?

እንደሚታወቀው በአገራችን መኪና የእግር ምትክ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ደብተርም ጭምር ነው። በሌላው ዓለም መኪና ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየወረደ ይሄዳል። እኛ ጋ ግን ሃያ ዓመት የተነዳች ኮሮላ ከተገዛችበት ብር በላይ ስትሸጥ ማየት ብርቅ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች ሲገቡ እስከ 500 በመቶ ታክስ እንዲከፈልባቸው አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ መኪናውን የሚሸጥ ቤተሰብ ለገበያ የሚያቀርበው ያጠራቀመውን ሀብት ነው ማለት ይቻላል።

በዚህች አጭር ጽሑፍ አሮጌ መኪናን ለግለሰብ መሸጥና ለመኪና መሸጫ ሰጥቶ በልዩነት ሌላ መቀየር ያላቸውን ጥቅምና ጉዳት ለማሳየት እሞክራለሁ። ነገሩ ለኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። እቤት አባቴ «እንቀይር»፣ እናቴ ደግሞ «እንሽጥ» እያሉ ሲከራከሩ ወራት አልፈዋል። ከመኪናው ሌላ የሚሸጥ ነገር የለንም፤ የታናሽ እህቴ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚታሰበው ከዚያው ብር ነው።

ሁለቱ መንገዶች እንዴት ይሠራሉ?

ቅያሪ ማለት መሸጫው አሮጌውን መኪና ይገምትና ዋጋውን ከሚሸጥልህ መኪና ላይ ይቀንሳል፤ አንተ ልዩነቱን ትከፍላለህ። አሜሪካ ውስጥ ይህ የተለመደ ነው። በብዙዎቹ ግዛቶች የሽያጭ ታክስ የሚታሰበው በልዩነቱ ላይ ብቻ በመሆኑ ለቀያሪው ተጨማሪ ጥቅም አለው። ኬሊ ብሉ ቡክ የሚባለው የዋጋ መመሪያም ለቅያሪና ለግለሰብ ሽያጭ የተለያየ ግምት ያወጣል። እኛ ግን ዋጋውን በብዛት የምንሰማው ከደላላ አፍ ነው። አንዱ ደላላ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ ያው መጨረሻ ላይ ባለቤቱ ግራ ይገባዋል።

ለግለሰብ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ዋጋ ይገኛል፤ ምክንያቱም መሸጫው መልሶ ሲሸጥ ማትረፍ አለበት። ነገር ግን ድካሙ ብዙ ነው። ገዢ ይመጣል፣ መካኒክ ይዞ ይመለሳል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጭሱን ያያል፣ ላሜራውን እያንኳኳ ቀለም ተነክቷል አልተነካም ይላል፤ ከዚያ «እደውላለሁ» ብሎ ይጠፋል። የደላላው ኮሚሽንም አለ።

ስሌቱ

ለምሳሌ ያህል ለስሌት የሚመቹ ቁጥሮች እንውሰድ። አንድ መሸጫ መኪናህን 950,000 ብር ገምቶ የራሱን በ2,600,000 ይሸጥልሃል። ሌላው ያንተን 880,000 ብቻ ብሎ ተመሳሳዩን መኪና በ2,500,000 ይሰጥሃል። ሰው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይሮጣል። ልዩነቱን ብናሰላ ግን የመጀመሪያው 1,650,000፣ የሁለተኛው 1,620,000 ነው። ታዲያ ማንኛው ረከሰ? መታየት ያለበት «ስንት ገመተልኝ» ሳይሆን «ስንት ልጨምር» የሚለው ነው።

አሁን ለግለሰብ በ1,000,000 ብር ሸጥን፣ ለደላላ ከመቶ ሁለት ከፈልን እንበል። እጃችን ላይ 980,000 ይቀራል፤ የ2,500,000ውን መኪና ለመግዛት 1,520,000 እንጨምራለን። ከተሻለው ቅያሪ በ100,000 ብር እናተርፋለን ማለት ነው። እናቴ ልክ ናት!

ግን እኮ በመሸጥና በመግዛት መካከል ጊዜ አለ። የሚገዛው መኪና በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት በመቶ ቢጨምር 100,000 ብሩ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ሰሞን ሸጦ ብሩን የያዘ ሰው የገባውን ጭንቅ መገመት አያዳግትም። ቅያሪ ከዚህ ያድናል፤ ሁለቱም ዋጋ በአንድ ቀን ይቆረጣልና። አባቴም ያለ ምክንያት አልተናገረም።

የወረቀቱ ነገር

ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። መሸጫው አንዳንዴ ስም ሳያዛውር በውክልና ብቻ ይረከብና ገዢ እስኪያገኝ ይጠብቃል። ግለሰብ ገዢም የስም ዝውውሩን ወጪ ለመሸሽ «ውክልና ይበቃኛል» ሊል ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ሊብሬው በስምህ እስካለ ድረስ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈለገው ያንተ ስም ነው። ብሩ ተበልቶ ካለቀ በኋላ መጥሪያ ቢመጣ ምን ይባላል?

ስለሆነም በየትኛውም መንገድ ውሉ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ይፈረም፤ ስሙም ወዲያው ይዛወር። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ክፍያው በሲፒኦ ከሆነ ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ባንክ ተሂዶ ይረጋገጥ። ቅያሪ ከሆነ ደግሞ የሚወሰደው መኪና ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይጣራ።

በአጠቃላይ ሌላ መኪና የማይገዛ ሰው፣ ወይም መጠበቅ የሚችልና የዋጋው ንረት ያላሰጋው፣ ለግለሰብ ቢሸጥ ይሻለዋል። መኪና ሳይኖረው አንድ ሳምንት መዋል የማይችል ደግሞ ቢያንስ ሦስት መሸጫ ዞሮ ልዩነቱን ይጠይቅ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በአንድ ቀን የሚወሰነው የብዙ ዓመት ጥሪት ነውና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መሄድ አይከፋም።