የክረምት ጎርፍና የነጋዴ ሒሳብ

መጋዘኑ ለወንዝ የቀረበ የልደታ ነጋዴ ክረምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮ ጎርፍ ይመጣ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቁርጥ ያለ መልስ ግን አያገኝም። እንጦጦ ላይ ዘንቦ፥ ልደታ ሳያካፋ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ ደረቅ አሸዋ የነበረው ደቻቱ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች የገደለው ከደጋው በወረደ ውኃ ነው።

ስለዚህ ትንቢቱን ትቶ ሒሳቡን መያዝ ይሻላል። ለምሳሌ 60,000 ብር የሚያወጣ ስኳር ለክረምቱ ከፍ ወዳለ ስፍራ ለማዛወር 3,000 ብር ቢጠይቅ፥ ወጪው የንብረቱ ሃያኛ እጅ ነው። እንግዲህ ጎርፉ በ20 ክረምት ከአንድ ጊዜ ይበልጥ የሚያሠጋ ከሆነ ማዛወሩ ያዋጣል። ለግምቱም ውኃው የት ድረስ እንደ ገባ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይጠየቁ።

በመጋዘኑ የሚያድረው ዘበኛ ግን ከዚህ ሒሳብ አይገባም፤ የክረምት ማደሪያው ከፍ ካለ ስፍራ ይሁን።