የጡረይፍ ብርድና የአየር ትንበያው፦ ዐረብ አገር ላላችሁ እህቶችና ወንድሞች

ጡረይፍ የገባሁት በታኅሣሥ ወር ነበር። የላከኝ ደላላ «ሳውዲ እኮ ሙቀት ነው፣ ሳሳ ያለ ልብስ ያዢ» ስላለኝ ሻንጣዬ ውስጥ ከአንዲት ሹራብ በቀር የሚያሞቅ ነገር አልነበረም። ከመኪናው ስወርድ ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ገፎ ወሰደው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ውርጭ ስረግጥ ነው ያደግኩት። ያን ዕለት ግን «የት ነው የመጣሁት?» አልኩ።

ብዙዎቻችን ሳውዲ ስንባል የሚመጣብን ጂዳና ሪያድ ነው። ወደ ዮርዳኖስና ኢራቅ ድንበር ያለው ሰሜኑ ሌላ አገር ማለት ነው። ጡረይፍ፣ ዐርዐር፣ ረፍሐ፣ ቁረያት፣ ሰካካ፣ ተቡክ፣ ሐኢል። በብርድ ወራት በሌሊት ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ቀናት አሉ፤ ተቡክ አካባቢ ያለው የለውዝ ተራራ ላይ በረዶ ወርዶ ነጭ ይሆናል፣ ሰዉም ሊያይ ከየከተማው ይሄዳል። ከከተማ ወጣ ባለው እርሻና የበግ በረት የሚሠሩ ወንድሞቻችን፣ በየቪላው ግቢ ጥግ ባለች ክፍል የሚያድሩ እህቶቻችን ብርዱ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው። ስለዚህ የአየር ትንበያ ለእኛ የቴሌቪዥን ማሳመሪያ አይደለም።

እኔ ትንበያ ማንበብ የተማርኩት ከቤቱ አያት ነው። ሐጃ ማታ ማታ ዜና ሲያልቅ «ሹፊ፣ ሹፊ» እያሉ ስክሪኑን ያሳዩኝ ነበር። ጥቂት ቃላት ከያዛችሁ ይበቃችኋል። «ሱግራ» ማለት የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ነው፤ «ዑዝማ» የቀኑ ከፍተኛ። «ተሕት ሲፍር» ከዜሮ በታች ማለት ነው። «ሪያሕ ነሺጣ» ሲሉ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ «ሸማሊያ» ካሉበት ደግሞ ከሰሜን የሚመጣው ነው፣ ቀዝቃዛው። «ጉባር» አቧራ፣ «ሰቂዕ» ውርጭ፣ «መውጀት በርድ» የብርድ ማዕበል። የሳውዲ የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል ማስጠንቀቂያውን በቀለም ነው የሚያወጣው፦ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ፤ ቀይ ከባዱ ነው። ዐረብኛ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ቀለሙንና ቁጥሩን ታያላችሁ።

ሐጃ ደግሞ በስልክ የሌለ የራሳቸው ቀን መቁጠሪያ ነበራቸው። «መርበዓኒያ» የሚሏት አርባ ቀን በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጀመሪያ አካባቢ ትገባለች፤ ከሷ ቀጥሎ «ሸበጥ» ይመጣል፣ እሱ ነው ነፋሱ የሚያስቸግረው ይሉ ነበር። ከሰማይ ምልክት ጋር የተያያዘ የበዳዊን ቁጥር ነው። እኛ አገር ባሕረ ሐሳብ እንደሚቆጠረው መሰለኝና ወደድኩት።

አሁን ወደ ነፋሱ። ትንበያው «5 ዲግሪ» ሲል ብዙ ሰው «ደህና ነው» ይላል። ቁጥሩ ግን የአየሩ እንጂ የቆዳችን አይደለም። ሰውነታችን ቆዳው ላይ ስስ የሞቀ አየር ይይዛል፤ ነፋስ ያንን እየጠረገ ይወስደዋል። 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ያህል ነው። ዜሮ ዲግሪ በዚያው ነፋስ ከዜሮ በታች 7 ይሆናል። ስልካችሁ ላይ «መሕሱሳ» የሚል ቁጥር ካለ እሱ ነው የሚሰማው ብርድ፤ እሱን እዩ። ልብሳችሁ እርጥብ ከሆነማ ከዚህም ይብሳል።

የሰሜኑ ብርድ አመጣጥ አለው። መጀመሪያ ነፋሱ ይመጣል፣ አቧራና አንዳንዴ ዝናብ ይዞ። በሶርያና በዮርዳኖስ በረሃ በኩል የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር የሚያግደው ተራራ የለም። ከዚያ ነፋሱ ጸጥ ይላል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሰው «እፎይ» ይላል። እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። ደመና የሌለበት፣ ነፋስ የቆመበት ሌሊት መሬቱ የያዘውን ሙቀት ሁሉ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ውርጩ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። የኛም አገር የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ እንዲሁ ነው፣ ጥርት ባለ ሌሊት። ስለዚህ ትንበያው ለሐሙስ ነፋስ ካለ፣ ለዓርብና ለቅዳሜ ሌሊት ነው ብርድ ልብስ መለመን ያለባችሁ።

እኔን የጎዳኝም ያ ጸጥ ያለው ሌሊት ነው።

ክፍላችን ከዋናው ቤት ተለይታ ግቢ ውስጥ ነበረች፤ «ሙልሐቅ» ይሏታል። በሯ ከቆርቆሮ፣ መስኮቷ አንድ። አብራኝ የምትሠራው የወሎ ልጅ ነበረች። ሁለታችንም ማሞቂያ ጠይቀን «ኤሌክትሪክ ይቆጥራል» ተብለናል። ያን ማታ ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ እሳት ሲሞቅ አምሽቶ ሲገባ፣ መንቀሉ ላይ ፍሙ ቀርቷል። ጭስ የለውም፣ ቀይ ነው፣ ከላይ አመድ ለብሷል። «ጭሱ አልቋል እኮ፣ ምን ይሆናል» ብለን ወደ ክፍላችን አስገባነው። በሩ ስር ደግሞ ነፋስ እንዳይገባ ጨርቅ ወሸቅንበት።

ሌሊት የነቃሁት ራሴ ሊፈነዳ ሲል ነው። ጓደኛዬ «አስታወከኝ» ብላ ተነሥታ በሩን ከፈተችና እዚያው ደፉ ላይ ወደቀች። ያ የተከፈተ በር ነው ያዳነን። እኔ እግሬ አልታዘዘኝም፣ በዳዴ ወጣሁ። ለሱብሒ ሶላት የተነሡት ሐጃ አዩንና «ፈሕም! ፈሕም!» እያሉ ጮኹ። ሆስፒታል ወስደው በጭምብል ኦክስጅን ሰጡን።

እህቶቼ፣ ከሰል የሚገድለው በጭሱ ብቻ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ነገር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ስለዚህ እየተነፈስን እንታፈናለን። ፍሙ ቀይ ሆኖ ጭስ ሲያቆም ጋዙ አላቆመም፤ ረመጡም ይለቃል። ሎሚ ወይም ጨው መጨመር፣ ውኃ በሳህን አጠገቡ ማስቀመጥ፣ ምንም አያደርግም። መስኮት በትንሹ ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይደለም። ቤተሰቡ ወደ በረሃ ለሽርሽር ሲወጣ ይዟችሁ ከሄደ፣ ድንኳንም እንደ ክፍል ነው። የጋዝ ምድጃ ለኩሶ መሞቅ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሥቶ ውስጡ መተኛት፣ ሁሉም ያው ነው። ከሰል ለመሞቅ ከሆነ ደጅ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ደጅ ላይ ይቅር።

ምልክቱን ከጉንፋን ጋር አታምታቱት። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት። ትኩሳት የለውም። በክፍሉ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ወይም ወጥታችሁ ስትተነፍሱ የሚሻላችሁ ከሆነ ከሰሉ ነው። «ልተኛበት ይለቀኛል» አትበሉ። በሩን ክፈቱ፣ ውጡ፣ 997 ደውሉ፤ የሳውዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ነው። እሳት አደጋና ሲቪል መከላከያ 998 ነው። በስልኩ ላይ «ፈሕም ዳኺል አል ጉርፋ» ካላችሁ ይገባቸዋል፤ ክፍል ውስጥ ከሰል ማለት ነው። ለሐኪሙም ይህንኑ ንገሩት፤ ካልነገራችሁት የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሊመልሳችሁ ይችላል። የወደቀውን ለማውጣት ስትገቡ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ በፍጥነት ጎትታችሁ ውጡ፤ እዚያ ቆማችሁ አታልቅሱ። ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ደህና ነኝ ብትልም ትሂድ፣ ፅንሱ ከእናቱ ይልቅ ይጎዳል። ኢቃማ የለኝም ብሎ ከመደወል የሚቀር ሰው አውቃለሁ። ስለ ወረቀቱ በሕይወት ካላችሁ በኋላ እንነጋገራለን።

ኤሌክትሪክ ማሞቂያም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዘይት የሚሠራው፣ ፍሙ የማይታየው ይሻላል። ሶኬቱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩ እንጂ ከስልክ ቻርጀርና ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ ማከፋፈያ አትደርቡት። ከብርድ ልብስ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ካልሲ አታድርቁበት።

ሌላው ውኃ ነው። ማዳም ጠዋት በ12 ሰዓት «ሖሹን እጠቢ፣ መኪናውን እጠቢ» ስትል፣ ከዜሮ በታች ባደረ ግቢ በባዶ እጅ ነው። እኔ እምቢ አላልኩም፤ ሰዓቱን ነው የለወጥኩት። «ማዳም፣ ውኃው ይረጋል፣ ልጆቹ ይንሸራተታሉ፣ ከቀትር በኋላ ላድርገው» ስላት ተስማማች። ስለ ልጆቹ ስትነግሯቸው ቶሎ ይሰማሉ፣ ምን ይደረግ። የጎማ ጓንት ከሥሩ የጥጥ ጓንት አድርጉ። እርጥብ ካልሲ ወዲያው ይቀየር። ብርድ ነው ብላችሁ መታጠቢያ ቤቱን ዘግታችሁ ክሎሮክስና የመጸዳጃ ቤት አሲድ አንድ ላይ አትደባልቁ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

እረኝነት ላይ ላላችሁ ወንድሞች፦ መንቀጥቀጥ ሰውነት ራሱን ሲያሞቅ ነው፤ አያስፈራም፣ ግን ግቡ የሚል መልእክት ነው። የሚያስፈራው ሰውየው መንቀጥቀጡን አቁሞ ምላሱ ሲተሳሰር፣ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ፣ «ተወኝ ልተኛ» ሲል ነው። ያን ጊዜ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 በታች ወርዷል ማለት ነው። ከነፋስ አውጡት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁ፣ ደረቱንና አንገቱን መጀመሪያ በደረቅ ብርድ ልብስ አሙቁ፣ ራሱንም ሸፍኑ። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ሻይ በስኳር ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ፣ በፈላ ውኃ አትንከሩ፣ እሳት ላይ አታስጠጉ፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይሰማውም። አረቄ ያሞቃል የሚባለው ቆዳን ነው፤ ከውስጥ ሙቀት ያስወጣል።

ስለ መብት። የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ተስማሚ ማረፊያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሌሊት ዜሮ በሚገባበት አገር ማሞቂያም ብርድ ልብስም የሌለው የቆርቆሮ በር ያለው ክፍል ተስማሚ አይደለም፤ ይህን ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። በጨዋ ቃል ጀምሩ፦ «አል ጉርፋ ባሪዳ፣ አብጋ በጣኒያ» (ክፍሉ ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ እፈልጋለሁ)፣ «አብጋ ደፋያ» (ማሞቂያ እፈልጋለሁ)። ትንበያውን በስልክ ከፍታችሁ ቁጥሩን አሳዩ፤ ከእናንተ ቃል ይልቅ ቁጥሩን ያምናሉ። ከቻላችሁ በጽሑፍ ላኩት፣ በዋትስአፕ። የጠየቃችሁበት ቀንና የክፍሉ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ፤ ለምታምኑት ሰውም ላኩለት፣ ስልክ ይቀማልና። እምቢ ካሉ በሙሳነድ በኩል አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ሪያድ ያለው ኤምባሲያችንና ጂዳ ያለው ቆንስላም አሉ። ሆስፒታል ከገባችሁ የሐኪሙን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ።

እኛ ማሞቂያውን ያገኘነው ከሆስፒታል በተመለስን በማግስቱ ነው፤ ባባ ራሱ ገዝቶ አመጣ፣ በአንድ ቃል ሳይናገር። ዋጋው ብዙ አልነበረም። ሐጃ ደግሞ ውስጡ ጠጉር የሆነ የራሳቸውን አሮጌ ፈርዋ ሰጡኝ። ዛሬ ደብረ ብርሃን በር ላይ ተሰቅሏል፤ በኅዳር ሌሊት እናቴ ትለብሰዋለች።